መርዶ ያልደረሰው መስመር

አያቴ ስልክ ላይ ስትቀርብ ሰላምታዋ ብቻ ግማሽ ካርድ ይበላ ነበር። «ደህና ነህ ወይ? ደህና ነህ? ሰውነትህ ደህና ነው? ሥራህስ ደህና ነው? ቤትህ ደህና ነው? አከራዮችህ ደህና ናቸው? ደህና ነህ ወይ?» አሁንስ ጨረሰች ስትሉ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምረዋለች። የቆቦ ሰው ከሆናችሁ ይሄ አይገርማችሁም። የአዲስ አበባ ሰው ከሆናችሁ ደግሞ፣ እንደኔ የተጣደፈ፣ «እማማ፣ ካርዱ እያለቀ ነው፤ እስቲ ወደ ጉዳዩ ግቢ» ትሏታላችሁ።

«ምን ጉዳይ አለኝ?» ትለኝ ነበር። «መኖርህ ነው ጉዳዬ።»

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ሰርቨር ነው። (ቆይ፣ አትሽሹ! ኮምፒውተር ለማትወዱትም የሚሆን ነገር አለው።) በትክክል ለመናገር፣ የፍለጋ ሶፍትዌርና እሱን የሚጠይቀው ፕሮግራም በመካከላቸው የሚዘረጉት መስመር መቼ መከፈት፣ ስንት ጊዜ መቆየት፣ መቼስ መዘጋት እንዳለበት ነው የምጽፈው። ይሄን ደረቅ ጉዳይ አምስት ወር ሙሉ ተምሬዋለሁ። የተማርኩትም በሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ መሥሪያ ቤት፣ ሌላው በስልክ።

ነገሩ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ያኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆይ) ብዙ የቆዩ ሰነዶች ነበሩትና «ሰው ቃል ጽፎ የሚፈልገውን እንዲያገኝ አድርግ» ተባልኩ። ለዚህ የሚሆን ነጻ ሶፍትዌር ሞልቷል። ዳግ ከቲንግ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1999 ሉሲን የተባለውን የፍለጋ ሞተር ጻፈ፤ በኋላም ለዓለም በነጻ ሰጠው። በእሱ ላይ ተመሥርቶ ዮኒክ ሲሊ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲኔት በሚባል ኩባንያ ውስጥ ሶልርን ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ለአፓቼ ተሰጠ። ኢላስቲክሰርችም የተገነባው በዚያው በሉሲን ላይ ነው። እኔ ሶልርን መረጥኩ።

መጀመሪያ ላይ ያስጨነቀኝ ፊደላችን ነበር። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ጸሀይ» ይላል፤ ፈላጊው ግን አንዷን ፀሐይ ነው የሚፈልጋት። ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሰና ሠን ወደ አንድ፣ አና ዐን ወደ አንድ፣ ጸና ፀን ወደ አንድ እያመጣሁ ሌሊቱን አነጋሁት። በዚህ ኮርቼ ነበር። ሌላው ቀላል ነው ብዬ ናቅሁት። የናቅሁት ደግሞ መስመሩን ነው።

መስመር ምን መሰላችሁ? ጠያቂው ፕሮግራም (እኛ ሰፈር «ክላየንት» ይባላል) ሰርቨሩን አንድ ነገር ለመጠየቅ አስቀድሞ ሰላምታ መለዋወጥ አለበት። ሦስት መልእክት ነው። «አለህ?» ይላል ጠያቂው። «አለሁ፤ አንተስ አለህ?» ይላል ሰርቨሩ። «አለሁ» ይላል ጠያቂው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። (የቆቦ ሰው የሠራው አይመስልም?)

እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ደግሞ ሰው አንድ ቃል በፈለገ ቁጥር አዲስ ክላየንት ይፈጥራል፣ አዲስ መስመር ይከፍታል፣ ይጠይቃል፣ መልሱን ይቀበላል… ከዚያ ዝም! አይዘጋም። መስመሩን እንደተከፈተ ጥሎት ይሄዳል።

ሥራው በተመረቀ በሳምንቱ ፍለጋው ከምሳ በኋላ መቆም ጀመረ። ጠዋት እንደ ፈረስ ይሮጣል፤ ስምንት ሰዓት ሲሆን ድርቅ ይላል። አለቃዬ «ይሄ ነገር ምሳ በልቶ ይተኛል እንዴ?» አሉኝ። እኔም የአገራችንን ፍቱን መድኃኒት አዘዝኩ፤ አጥፍቶ ማብራት። ሠራ! በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ደረቀ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እያጠፋሁ አበራሁ። ይባስ ብዬ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ራሱ ጠፍቶ የሚበራበትን ዘዴ ሠራሁለትና «ችግሩ ተፈታ» ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። አታፍሩብኝ፤ እናንተም መሥሪያ ቤት አላችሁ።

በመጨረሻ የተከፈቱ መስመሮችን የምቆጥርበትን ትእዛዝ ሰጠሁት። ቁጥሩ አንድ ሺህ አልፏል። ሊኑክስ ለአንድ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቅድለት 1,024 የተከፈተ ነገር ነው፤ ፋይልም ሆነ መስመር አንድ ላይ ይቆጠራል። ሲሞላ «የተከፈቱ ፋይሎች በዝተዋል» ይልና ያቆማል። ጠዋት የሚፈልገው ሰው ሁሉ አንድ አንድ በር ከፍቶ እየሄደ፣ ስምንት ሰዓት ላይ የሚመጣው ሰው በር ያጣ ነበር።

ይሄን ሳይ አባቴ ትዝ አለኝ። የእኛ ቆላ ውሃ የሚጠጣው ከሌላ አገር በመጣ ዝናብ ነው። በስተምዕራብ በግዳን በኩል ያለው ደጋ ሲዘንብበት፣ እኛ ሜዳ ላይ ጠብ ሳይል፣ በሆርማትና በጎሊና በኩል ጎርፉ እያጓራ ይወርዳል። ገበሬው በድንጋይ፣ በአፈርና በቅርንጫፍ ገድቦ ይጠልፈዋል፤ በቦይ ወደ ማሽላው ያስገባዋል። አባቴ ታዲያ ለመክፈት ሳይሆን ለመዝጋት ነበር የሚጨነቀው። ማሳው ሲጠግብ ቦዩን ካልዘጋህ ሁለት ጥፋት ነው፤ የራስህን አፈር ይዞብህ ይሄዳል፣ ከታች ተራውን የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ በሌሊትም ቢሆን፣ በዝናብም ቢሆን፣ አካፋውን ይዞ እዚያው ይቆማል። «የከፈተ ሰው እስኪዘጋ አይተኛም» ይለን ነበር። ልጁ ኮምፒውተር ተምሮ ከፍቶ ተኛ።

በማግስቱ አስተካከልኩት። አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ ሄድኩ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ እንዳለቀ መስመሩን ወዲያው ጥርቅም! ለፈላጊዎቹ ችግሩ ቀረ። ግን ሰነዶቹን ወደ ሶልር የሚያስገባ ሌላ ፕሮግራም ነበረኝ፤ ሌሊት ሌሊት አነስተኛ መዝገቦችን እጅግ በፍጥነት የሚጭን። እሱም ለእያንዳንዷ መዝገብ መስመር ይከፍትና ይዘጋ ጀመር። አንድ ሌሊት «አድራሻ መስጠት አልተቻለም» ብሎ ሞተ።

ለምን ብትሉ፣ የተዘጋ መስመር ወዲያው ከምድር አይጠፋም። መንገድ ላይ የቀረ መልእክት ካለ ከአዲሱ ጋር እንዳይደባለቅ፣ ቀድሞ የዘጋው ወገን ሊኑክስ ላይ ለ60 ሰከንድ ቁጥሩን ይዞ ይቆያል። እንደ ሐዘን ቤት ድንኳን ቁጠሩት፤ ከቀብር በኋላም ጥቂት ይቆማል። ሊኑክስ ለእንዲህ ያለ ወጪ መስመር የሚያድለው ቁጥር ከ32768 እስከ 60999 ነው፤ በድምሩ 28,232። ወደ አንድ ሰርቨር በሰከንድ ከ470 በላይ እየከፈታችሁ ከዘጋችሁ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ድንኳኑ ሜዳውን ይሞላዋል።

ያን ጊዜ ነው የሶልርን ማኑዋል ያነበብኩት። (አዎ፣ ያን ጊዜ!) ለካ ከድሮም ጀምሮ ተጽፏል። ክላየንቱን በየጥያቄው አትፍጠሩ፣ መስመር ያፈሳል፤ ለአንድ ሰርቨር አንድ ክላየንት ፍጠሩና ጠያቂው ሁሉ ይጋራው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ከሶልር 5 ጀምሮ ደግሞ ክላየንቱ ራሱ «ዝጉኝ» የሚል ትእዛዝ አለው። የምትዘጉት ግን ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ነው፤ በየጥያቄው አይደለም። ክላየንቱ በውስጡ ጥቂት የተከፈቱ መስመሮችን ይዞ ለመጣው ሁሉ ያውሳል፤ ሰው ሲጨርስ መልሶ ይቀበላል። እንደ እድር ድስት ነው። እያንዳንዱ ሰው ድስት አይገዛም፤ እድሩ አለው፣ ትወስዳለህ፣ ትመልሳለህ።

አንድ ክላየንት አደረግሁ። ፍጥነቱ ጨመረ፣ ስምንት ሰዓት በሰላም አለፈ፣ ሌሊቱም በሰላም አለፈ። ይሄ ሐምሌ 2013 ነው።

በዚያው ሐምሌ ጦርነቱ ወደ ቆቦ መጣ። የትግራይ ኃይሎች ከተማዋን ያዙ፤ ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ከአያቴ ጋር አውርተናል። እንደ ልማዷ «ደህና ነህ ወይ» ስትል እኔ ኮምፒውተሬን እያየሁ ነበር። «እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ፤ ነገ እደውላለሁ» አልኳት። ነገውን አልደወልኩም። በሳምንቱ ስደውል መስመሩ የለም።

እኔ ግን «ይመለሳል» አልኩ። በየቀኑ እሞክራለሁ፤ ልማድ ሆነ። ቁጥሯ ስልኬ ላይ አለ፣ ፎቶዋ አለ፣ ስሟ አለ። ለእንቁጣጣሽ ብዬ ነጠላ ገዛሁላት፤ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። «መንገድ ሲከፈት የምልክላት» እያልኩ ለሰው አሳይ ነበር።

ነሐሴ ላይ መሥሪያ ቤት አዲስ በሽታ መጣ። አሁን የሚቆመው ከምሳ በኋላ ሳይሆን ጠዋት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የገባ የመጀመሪያው ሰው ቃል ጽፎ ይጠብቃል። ይጠብቃል… ይጠብቃል… ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ሩብ ሰዓት ገደማ ሲሆን ስህተት ይመጣል። እንደገና ሲሞክር ደግሞ ወዲያው ይሠራል! ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው። ሰኞ ሰኞ ይብሳል።

ምክንያቱን ሳገኘው ወንበሬ ላይ ቀረሁ።

ጨዋ መስመር ሲዘጋ ይሰናበታል። አንዱ ወገን «እኔ ጨርሻለሁ» ይላል፣ ሌላው «ሰማሁ» ይላል፤ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም ይለያያሉ። ግን በጠያቂውና በሰርቨሩ መካከል ሌሎች አሉ፤ የኔትወርክ ዘበኛው (ፋየርዎል የምንለው)፣ ጭነት አከፋፋዩ። እነሱ ለረጅም ጊዜ ድምፅ ያላሰማ መስመር ሲያዩ ከመዝገባቸው ይሰርዙታል። የአማዞን ደመና ላይ ያለው አንዱ ጭነት አከፋፋይ ካልለወጣችሁት 350 ሰከንድ ይታገሳል፤ የማይክሮሶፍቱ አዙር 4 ደቂቃ። ሲሰርዙት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለማንም አይናገሩም። መስመሩ ሞተ፤ መርዶ ግን አልተነገረም።

ስለዚህ ጠያቂው ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ መስመሩ ያለ ይመስለዋል። መዝገቡ ላይ «ክፍት» ይላል። ጠዋት ሰው ሲመጣ ያንን መስመር አንስቶ ይሰጠዋል። ጥያቄው ይላካል፤ መልስ የለም። «ምናልባት መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል» ብሎ ይደግማል። አሁንም ይደግማል። በየመካከሉ የሚጠብቀውን ጊዜ እያራዘመ ይደግማል። ሊኑክስ ተስፋ የሚቆርጠው ከ15 ሙከራ በኋላ ነው፤ ሩብ ሰዓት የሆነውም ለዚህ ነው። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለውን መስመር «ግማሽ ክፍት» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ «ያልተረዳ» ነው። ወገኑ የሞተበት፣ ግን ገና ያልተረዳ።

የሚገርመው ነገር ሊኑክስ ለዚህም መድኃኒት አለው። ዝም ያለን መስመር በየጊዜው ባዶ መልእክት እየላከ «አለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጉዳይ የለውም፤ የሚያስተላልፈው ነገር የለም፤ መኖሩን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ግን ፕሮግራሙ «ጠይቅልኝ» ካላለው አይጠይቅም፤ ብሎትም ቢሆን ካልለወጣችሁት የመጀመሪያውን «አለህ ወይ» የሚልከው ከ7,200 ሰከንድ ዝምታ በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት! ዘበኛው በአራት ደቂቃ ለሚሰርዘው መስመር!

አስተካከልኩት። «አለህ ወይ»ውን በየደቂቃው አደረግሁት። ሥራ ሳይኖረው የቆየ መስመር ዘበኛው ሳይቀድመው በራሳችን እጅ፣ በስንብት እንዲዘጋ አደረግሁ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የትዕግሥት ልክ ሰጠሁት፤ በጥቂት ሰከንድ መልስ ካልመጣ ሌላ መስመር ይሞክር። ጤነኛ ለሚመስለው መስመርም ቢሆን የዕድሜ ጣሪያ አበጀሁለት፤ ሰርቨሩ ቤት ቢቀይር፣ ዘላለም የሚኖር መስመር አሮጌውን አድራሻ እንደያዘ ይቀራልና።

መስከረም 2014 ላይ ጠዋቱም ሰላም ሆነ። አለቃዬ አመሰገኑኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስልኬን አነሳሁና እንደ ልማዴ ደወልኩ። መልስ የለም። ደገምኩ። ያን ማታ ነው ምን እያደረግሁ እንደሆነ የታየኝ። እኔ ራሴ ያ ፕሮግራም ነኝ። «አልተዘጋም» ማለት «አለ» ማለት መስሎኝ፣ ቁጥሯን እንደ ክፍት መስመር ይዤ ተቀምጫለሁ። ያኔ ስለ ቆቦ የሚሰማው ወሬ ክፉ ነበር። በጳጉሜን 2013 ከተማዋ ውስጥ ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን በኋላ የዜና ማሰራጫዎችም፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናልም ዘግበውታል። ያኔ ግን የሚነግረን አልነበረም። ከራያ የመጣን ሁላችንም አዲስ አበባ ላይ ስንገናኝ «ሰማህ ወይ?» ነበር ሰላምታችን።

ታኅሣሥ 2014 ላይ መከላከያው ተመልሶ ገባ፤ ጥቂት ቆይቶ መንገዱም ተከፈተ። አንድ ቀን ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። የወልድያ አጎቴ፣ ሁለት የእናቴ ዘመዶች፣ አንድ የሰፈር ሽማግሌ። ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ሌሊት በሩ ላይ አራት ዘመድ ቆሞ ሲያይ ማንም እንዲነግረው አይጠብቅም።

አያቴ ያረፈችው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። ጥይት አይደለም፤ የግፊት መድኃኒቷ አልቆ የሚገዛበት ጠፋ። ቀብሯ ላይ የተገኘው የሰፈሩ ሰው ነው። እኔ በቀብሯ ቀንም ደውዬላታለሁ። በሠልስቷም ደውዬላታለሁ። ከአንድ ወር በላይ ለሞተ ሰው ስደውል ከርሜያለሁ። ነጠላዋን ለእናቴ ሰጠኋት።

ጦርነቱ በነሐሴ 2014 እንደገና ሲነሳ ያው ቆቦ አካባቢ ነበር፤ ከተማዋም ዳግመኛ ከእጅ ወጣች። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ። ከወራት በኋላ ደግሞ፣ በ2015 መጨረሻ፣ በአማራ ክልል አዲስ ግጭት ተነስቶ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆየ። የእኛ አካባቢ ሰው ስለ መስመር ዕድሜ ማኑዋል ማንበብ አያስፈልገውም። ኖሮታል።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ቀይሬያለሁ፤ አሁን ከእኔ በታች ልጆች አሉ። አዲስ የገባ ልጅ ፕሮግራም ጽፎ ሲያሳየኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አልጎሪዝሙ አይደለም። «ይሄን መስመር ማን ከፈተው? ማን ይዘጋዋል? ዝም ቢል በስንት ሰከንድ ታውቃለህ?» እለዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብዙዎቹ ይመልሳሉ፤ ትምህርት ቤት ይማሩታል። ሦስተኛው ላይ ዝም ይላሉ። አይፈረድባቸውም፤ ሁሉም ሰው መክፈት ያውቃል፣ ጥሩው ሰው መዝጋትም ያውቃል፤ ከዝምታ ጀርባ ምን እንዳለ መጠየቅ ግን ልማድ ይፈልጋል።

ባለፈው አንዷ ልጅ የሰርቨሩን እንቅስቃሴ እያየች ጠራችኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር በየደቂቃው ባዶ መልእክት ይልካል። ምንም አልያዘም። ላጥፋው እንዴ?»

«ተይው» አልኳት። «ደህና ነህ ወይ እያለው ነው።»

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናቴ እደውላለሁ። እሷም እንደ እናቷ ሆናለች። ሰውነትህ ደህና ነው፣ ሥራህ ደህና ነው፣ ቤትህ ደህና ነው፣ ደህና ነህ ወይ… እኔም እመልሳለሁ፤ ደህና ነኝ፣ አንቺስ ደህና ነሽ፣ ጉልበትሽ ደህና ነው፣ ጎረቤቱ ደህና ነው፣ ማሽላው ደህና ነው? አንዳንድ ቀን ወደ ጉዳዩ ሳንገባ ካርዱ ያልቃል።

ሌላ ካርድ እሞላለሁ።